የማንም ያልሆነች ቁርቁራ

ልጄ ማርዋ ወጥ ቤት ገብታ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ዛፏ ባለቤት የላትም ብለን ጽፈናል፤ አሮጊቷ ራሷ ናት ያለችው፣ ፎርሙ ላይ ጣቷን አትማለች፣ ኸላስ፣ አበቃ» ትላለች በዐረብኛ። አሮጊቷ! የገዛ አያቷን ነው እኮ! እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የእናቴን የጠዋት ኪኒን ከማሸጊያው እየፈለቀቅሁ ነበር፤ አንዷ አምልጣኝ ሶፋው ሥር ገባች። እናቴ ራቢዓ ፊት ለፊቴ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። በሰማንያ ዓመቷ ዓይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋ ከእኔ የተሻለ ነው። ቀና ብላ አላየችኝም። ውሃ አቀበልኳት፣ ዋጠች፣ ብርጭቆውን መለሰችልኝ። ሦስት ሴቶች በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ሹክሹክታ እንኳ አይደበቅም።

ማርዋ ብቅ ስትል «ምን ነበር የምትዪው?» አልኳት። «ሥራ ነው ማማ፣ ሥራ። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ምረቃው ነው፤ በአላህ ይሁንብሽ ዛሬን አታናድጂኝ» አለችና የአያቷን ራስ ሳም አድርጋ፣ ሽቶዋን ቤቱ ውስጥ ትታ፣ ጅዳ ወደሚወስዳት መኪና ወረደች። ስድስት ፎቅ በእግሯ። ሊፍቱ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ባለቤቱ ግን በዓመት አሥራ ስምንት ሺህ ሪያሉን አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም። መካ ውስጥ ተራራ ላይ የተንጠለጠለ ቤት ነው፤ መስኮቱን ስትከፍቺው የጎረቤት የአየር ማቀዝቀዣ ፊትሽ ላይ ይተነፍስብሻል። እኔ እዚያው መስኮት ሥር ለሱቆች የዓባያ ጠርዝ እሰፋለሁ፣ አንዱን በአሥራ ሁለት ሪያል። እናቴ በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ እንደሆነች አለች። ቤቷ ጅዳ ነበር፣ በኒ ማሊክ፣ ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ።

ዛፏን ልንገራችሁ፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እሷ ናት። ቁርቁራ ናት። ዐረቦቹ ሲድር ይሏታል፣ ፍሬዋን ደግሞ ነብቅ። ወንድሜ ኑረዲን በስድስት ዓመቱ በትኩሳት ሲሞት፣ በተቀበረ በሳምንቱ እናቴ ከቤታችን ደጃፍ መሬቱን ቆፍራ ተከለቻት። እኔ አራት ዓመቴ ነበር፤ ውሃውን በቆርቆሮ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሰደቃ ናት፣ ለኑረዲን። ሰው ከበላላት፣ ወፍ ከበላላት፣ መንገደኛ ከተጠለለባት ምንዳው ያለማቋረጥ ለልጁ ይደርሰዋል፤ የሚበላላት የጠፋ ቀን ግን ይቋረጣል። ሰደቃ ደግሞ ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራው ማወቅ የለበትም። እናቴ ይህን ነገር እንደ ሌላው ሰው በአፍ ብቻ አይደለም የያዘችው። ለጎረቤት «ራሷ በቀለች» ትላለች። አባቴ እንኳ ሳያውቅ ሞተ። እኔን አሥር ዓመት ሲሞላኝ «ወላሂ ለማንም አልናገርም» አስባለችኝ፤ አልተናገርኩም። ለባሌም፣ ለልጄም። እናም አርባ አራት ዓመት ሙሉ ፍሬው በደረሰ ቁጥር የማን ልጅ እንደበላ፣ ስንት ወፍ እንደሰፈረ እሷ ትቆጥራለች፣ እኔ ደግሞ እሰማለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ቀናሁባት። ቆሜ የማስታምማት እኔ፣ ወተት የማፈላላት እኔ፤ ልቧ ግን ከሞተው ልጅና ከዛፉ ጋር ነው። አንድ ቀን «ኸዲጃ በላሽ ወይ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም ብል ይበዛ ይሆናል፤ ግን ብዙም አይበዛም።

ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል ፎርም የያዘ ጎረምሳ መጣ። «ዛፏ የማን ናት ያ ኻላ?» አላት፤ አክስቴ ማለቱ ነው። እናቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «የአላህ ናት» አለች። ልጁ ሳቀና «ባለቤት የላትም» ብሎ ጻፈ። ጣቷን አተመች። ከአጠገቧ ቆሜ ነበር፣ ምላሴን ነከስኩ። ቤቶቹ ሁሉ ወደቁ፣ እሷ ብቻ ሜዳ ላይ ቀረች፣ ያኔም ሠራተኛውም መንገደኛውም ይለቅምላት ነበር። ማርዋ ዝግጅት የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ቱርኪ ከሚባል ሠዓሊ ጋር መሥራት ስትጀምር «በአያቴ ሰፈር ብቻዋን የቀረች ዛፍ አለች» ብላ ነገረችው። ነገረችው! ባለፈው ወር እየዘለለች መጣች፣ «ሲቲ፣ ዛፍሽ ተመረጠች!» እያለች፤ አያቷን ሲቲ ነው የምትላት። ሰውየው ጠላቂዎች ከባሕር ያወጡትን የተጣለ የዓሣ መረብ ዛፏ ላይ አልብሶ፣ ባሕሩ እንዴት እየታነቀ እንደሆነ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው። እናቴ አዳመጠችና «ሰው ይበላላታል?» ብላ ጠየቀች። ማርዋ ደስ ልታሰኛት ብላ «ማንም አይነካትም ሲቲ፣ አይዞሽ፣ ወፍ እንኳ አይገባባትም» አለቻት። ከዚያች ቀን ወዲህ እናቴ እህል በግድ ነው የምትቀምሰው። ኩላሊቷ በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን ይታጠባል። ሐኪሙ ድሮ ስለ ዓመት ነበር የሚያወራን፣ አሁን ስለ ወር ሆኗል። ፍሬው ደግሞ አሁን ነው የደረሰው፤ ለከርሞ ማን አለ?

ምሳ ላይ ሩዙን እየገፋች «ዛሬ ጅዳ ውሰጂኝ» አለችኝ። «ምን ልታደርጊ?» «መረቡን እንዲያነሱት ለምኚልኝ። በአንድ ጎን እንኳ ይግለጡት። ግን ኸዲጃ፣ የማን እንደሆነች ብትናገሪ ሐቄን አልለቅሽም፤ ይቅር አልልሽም። አፍሽን አውቀዋለሁ።» አፌን! አርባ አራት ዓመት የዘጋሁትን አፍ! ሙኒርን ጠራሁት። መካ ተወልዶ ያደገ የአገራችን ልጅ ነው፣ ካምሪ መኪና አለው። «ደርሶ መልስ ሁለት መቶ፣ ኡሚ ራቢዓ ስለሆነች ነው» አለኝ። «ስለሆነች ነው የጨመርክባት?» አልኩት፤ በመቶ ሃምሳ ተስማማን። እሱና የምድር ቤቱ ጎረቤት ከነዊልቸሯ ተሸክመው ስድስት ፎቅ አወረዷት። እኔ የልብስ መቀሴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደከተትኩት አትጠይቁኝ።

በመካና በጅዳ መካከል፣ ባሕራ የምትባል ከተማ ላይ ለሽንት ቆምን። ከጎማ ቤቱ አጠገብ አንድ ሱቅ ደጃፍ ነብቅ በትንንሽ ሣጥን ደርድረው ይሸጣሉ፣ ኪሎው ሃያ አምስት ሪያል። እናቴ በመስኮት አየችው። «ልግዛልሽ?» አልኳት። ፊቷን አዞረች። ሙኒር ነገሩ አልገባውም፣ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ፣ እኔ ዝቅ አደረግሁት። ከዚያ እስከ ጅዳ ድረስ እሷ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ እያየን ሄድን።

የድሮው ሰፈራችን ጠፍጣፋ ሜዳ ሆኗል። ዛፏ ዙሪያ አረንጓዴ የላስቲክ ሣር አንጥፈውበታል፤ እውነተኛው ሣር መቼም ውድ ነው! ነጭ ወንበር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ቴምርና ቡና በትሪ የሚያዞሩ ጎረምሶች፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ እንግዶች። ቁርቁራዋ ከአናቷ እስከ ወገቧ በሰማያዊና በአረንጓዴ መረብ ተጠፍራ፣ ታችኛው ጠርዝ በሽቦ ተጠምጥሞ ግንዷ ላይ ታስሯል። ውስጧ በፍሬ ቢጫ ሆኗል። ወፎቹ መብራት ሽቦው ላይ ተደርድረው ይንጫጫሉ፣ አንዳንዷ ትመጣና መረቡን በእግሯ ጨብጣ፣ ምንቃሯ ሳይደርስላት ትመለሳለች። ወገብ የሚደርስ ገመድ ዙሪያውን ተወጥሯል፣ ከገመዱ ፊት የነሐስ ሰሌዳ ቆሟል። አነበብኩት። «የማንም ያልሆነች» ይላል በትልቁ፣ የሥራው ስም ነው። ከሥሩ «ተፈጥሮ የሁሉም ናት፤ እንጠብቃት» ይላል። ከዚያም ዝቅ ብሎ «እባክዎ አይንኩ»።

ከኋላ በኩል አንዲት የእኛ አገር ሴት፣ የጽዳት ሰደርያ የለበሰች፣ በመረቡ ቀዳዳ እየሾለከ የወደቀውን ፍሬ እየጠረገች በጥቁር ፌስታል ታጭቃለች። ሁለት ፌስታል ሞልታ ከአጠገቧ አስቀምጣለች። ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል፣ ምሥራቅ ይላል። እናቴን ሙኒር ጥላ ሥር ሲያቆማት እኔ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። «አንቺ ልጅ፣ የት ነው የምትወስጅው?» አልኳት። ደነገጠች። «ቆሻሻ ነው እትዬ፣ ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ ጥረጊ ብለውኝ ነው።» «ቆሻሻ? ይሄ ቆሻሻ ነው? የአላህ ሪዝቅ ነው፣ ሲሳይ ነው! እንዲህ ጥሩ ፍሬ ገንዳ ውስጥ ስትጥዪ እጅሽ አይንቀጠቀጥም?» ፌስታሉን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «ዝም ይበሉ በማርያም፣ አለቃው እንዳይሰማ» አለችኝ ቀስ ብላ። የምታፍር መሰለኝ። እንዲያውም ባሰብኝ፤ ዝም በይ የሚለኝ ሰው እኮ በዝቷል።

ማርዋ አየችን። ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ። እየሮጠች መጥታ በሹክሹክታ «ማማ፣ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ሲቲንስ ለምን አደከምሻት?» አለች። መረቡን በአንድ ጎን እንዲያነሱላት አያቷ እንደምትለምን ነገርኳት። «ሊሆን አይችልም። ዛሬ ካማረልኝ ቋሚ ያደርጉኛል፣ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ወደ እነሱ ያዞሩልኛል። ገባሽ? ስለ አንድ ፍሬ ነው?» «ስለ አንድ ፍሬ አይደለም!» «ታዲያ ስለ ምንድን ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ልጄ ፊቴ ቆማ ትጠይቀኛለች፣ እናቴ ከሩቅ ታየኛለች፣ እኔ መሐላ ጎርሼ እንደ ደደብ ቆሜያለሁ። ማርዋ ራሷን ነቀነቀችና «ሁሌም እንዲህ ናችሁ፣ እኔ የሌለሁበት ሚስጥር አላችሁ» አለችኝ፣ በዐረብኛ። ያኔ ነው መቀሱን ያወጣሁት። ገመዱን ተሻገርኩ፣ የመረቡን ጠርዝ ያዝኩ፣ የባሕር ክር ጠንካራ ነው፣ አንዷን ክር ብቻ በጥሼ ሁለተኛዋ ላይ ስደርስ የገዛ ልጄ የእጄን አንጓ ጥርቅም አድርጋ ያዘችኝ። ያማል። ያሳደግሁት እጅ እንዲህ ጉልበት እንዳለው አላውቅም ነበር።

እንግዳው ሁሉ ዞረ። ቱርኪ ራሱ መጣ፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፣ ረጅም ነጭ ቶብ የለበሰ፣ ድምፀ ለስላሳ። ቢቆጣኝ እንዴት በተሻለኝ! «ያ ኻላ፣ ምን አስከፋሽ?» አለኝ። ነገርኩት። ከፍሬው ጀመርኩ፤ «ተፈጥሮ የሁሉም ናት ትላለህ፣ የወደቀውን እንኳ በጥቁር ፌስታል እያስጠረግህ ገንዳ ትጥላለህ፣ አላህን አትፈራም?» አልኩት። በእውነት ደነገጠ። ወደ ፌስታሎቹ አየ፣ አንዱን ከፍቶ ፍሬውን በመዳፉ አነሳ። «ዓይኔን ገለጥሽልኝ» አለኝ። ከዚያ የጽዳቱን አለቃ ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ፍሬ እንዳትወጣ። ሁሉም ተለቅሞ በመስታወት ሣጥን ይቀመጥ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ከዛፏ ጎን ይታይ» አለ። ሰው አጨበጨበ። አለቃው ሁለቱን ፌስታል ከምሥራቅ እጅ ተቀብሎ ወደ መጋዘኑ ወሰዳቸው። ምሥራቅ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀረች።

«መስታወቱ ምን ያደርግልኛል! መረቡን አንሣው» አልኩት። ፈገግ አለ። «መረቡ እኮ ነው ሥራው፣ ያ ኻላ። መረቡን ካነሣን የሚቀረው ዛፍ ብቻ ነው።» «እኮ!» አልኩት። ጥቂቶች ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሁሉ ሰው እየሰማ «ወላሂ ባለቤት ቢኖራት ሳልጠይቅ አንድ ክር አልሰቅልባትም ነበር። ዛሬም ባለቤቷ መጥቶ አውርደው ቢለኝ፣ እንግዶቹ ሳይበተኑ አወርደዋለሁ» አለ። ማለ እኮ! አላህ ምስክሬ ነው፣ የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረውም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ። የአርባ አራት ዓመት ነገር ነው፣ እንደ ትውከት ነው የመጣው። «ባለቤት አላት! እናቴ ናት የተከለቻት! ያቻት፣ ዊልቸር ላይ የተቀመጠችው! ለሞተ ልጇ ነው የተከለቻት!» ብዬ ጮህኩ።

ማርዋ እጄን ለቀቀችው። ቱርኪ ፊቱ በራ፣ የሚፈልገውን ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። ወደ እናቴ ሄዶ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ፣ ራሷን ሳመ። ስልኮች ሁሉ ወደ እሷ ተዘረጉ። «ያ ኻላ፣ እውነት ነው? አንቺ ነሽ የተከልሻት? አዎ በይኝና አሁኑኑ ላውርደው፤ ስምሽንም ሰሌዳው ላይ በወርቅ እጽፈዋለሁ፣ የልጅሽንም ስም» አላት። እናቴ በመጀመሪያ እሱን አየችው። ቀጥሎ ስልኮቹን። ቀጥሎ ዛፏን፣ ብዙ ጊዜ። እኔ በልቤ «አዎ በይ፣ እማ፣ አንድ ጊዜ አዎ በይ» እላለሁ። «እዚህ ሰፈር ኖሬያለሁ» አለች በደከመ ዐረብኛዋ። «ማን እንደተከላት አላውቅም። ልጄ ተሳስታ ነው፣ ይቅር በላት።»

እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቱርኪ ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ምን ያድርግ፤ «አላህ ይማርሽ ያ ኻላ» ብሎ ወደ እንግዶቹ ተመለሰ። ሰው እያዘነልኝ ያየኛል፤ ውሃ ያቀረበልኝም አለ፣ እንደ ዕብድ። አንዱ ማርዋን «እናትሽ ናት?» ብሎ ሲጠይቃት «አዎ» አለች፤ አልካደችኝም፣ ይህን አልረሳላትም። ግን ወደ እኔ አልመጣችም። አያቷ አጠገብ ሄዳ ቆመች፣ ፊቷን ትኩር ብላ አየቻት፤ የሆነ ነገር የገባት መሰለኝ። እናቴ ጉንጯን ዳሰስ አደረገቻትና «ሥራሽን ሥሪ» አለቻት። ቆይቶ ድምፅ ማጉያው ጀመረ፣ ቱርኪ ስለ ባሕር ተናገረ፣ ተጨበጨበ።

ሙኒር እናቴን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ዊልቸሩን ሲያጣጥፍ ምሥራቅ በመኪኖቹ መካከል እየተንደረደረች መጣች። ሰደርያዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። «እግዜር ይይልዎት እትዬ» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «እኔ ምን አደረግሁሽ?» አልኳት። «ምን አደረግሁሽ ይላሉ እንዴ! ቆሻሻ ነው ያልኩዎት ለእነሱ ነው። በየቀኑ ሁለት ሁለት ፌስታል ሸረፊያ ሰፈር፣ ቤታችን ነበር የማስገባው። አሥራ አንድ ሴቶች ነን ባንድ ክፍል፤ ሦስቱ ከሠሩበት ቤት ያለ ወረቀት የወጡ ናቸው፣ ወደ ደጅ አይወጡም። ረቡዕና ዓርብ ስንጾም ምሳችን እሱ ነበር። ከታች ያሉት ፓኪስታኖችም ልጆቻቸውን እየላኩ ይወስዳሉ። የተረፈውን ሰገነት ላይ ለወፍ እንበትነዋለን። ዝም ይበሉ ብዬ ለመንኩዎት እኮ! ዛሬ ምን ይዤ ልገባ ነው?» መልሴን አልጠበቀችም። እናቴ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ጠራቻት። «ነይ ልጄ። ጣፈጣችሁ?» አለቻት። ምሥራቅ ግራ ገባት። «በጣም እንጂ እማማ፣ ማር ነው እኮ» አለችና፣ አለቃዋ ከሩቅ ሲጠራት ሰደርያዋን እየለበሰች ሮጠች።

እናቴ መስኮቱን ራሷ ዘጋችው። ሙኒር ሞተሩን አስነሣ። ከበኒ ማሊክ ወጥተን ዋናውን መንገድ ስንይዝ «አስተግፊሩላህ» አለች፤ ለውሸቷ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ ብጠብቅም አልነበረም፤ ለጎረቤት ስለ ዋጋ የምታወራ ይመስል ረጋ ብላ ነው የተናገረችው።

«ዝም ብትዪ ኖሮ ኑረዲን ዛሬም ይበላ ነበር» አለችኝ።